በሰንበት የተሸከምሁት አልጋ

ዘንድሮ በመጻጉዕ ዕለት የልጅ ልጄ በባጃጅ ጭና ወረታ ቤተ ክርስቲያን ወሰደችኝ። ጉልበቴ እንቢ ካለኝ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ስለዚህ ከዛፍ ጥላ ሥር በፕላስቲክ ወንበር አስቀምጣኝ እሷ ከጎኔ ቆመች። ሰባኪው ወጣት ነው፤ ድምፅ ማጉያው ደግሞ ከእሱ ይበልጥ ይጮኻል። ሠላሳ ስምንት ዓመት አልጋ ላይ የተኛውን ያንን በሽተኛ እያነሣ መጥቶ፣ ጌታ «መዳን ትወዳለህ?» ብሎ ከጠየቀው ቦታ ሲደርስ ሳቄ አመለጠኝ። ሳል ላስመስለው ሞከርሁ፤ አልሆነልኝም። ከፊቴ የቆሙት ሴቶች ዞረው ገላመጡኝ። የልጅ ልጄም በክርኗ ጎሰም አድርጋ «አባባ፣ ምን ነካዎት? ሰው እያየን ነው እኮ» አለችኝ። ምን ልበላት? «ያ ሰውዬ እኔ ነኝ» ብላት መድኃኒቴን ሳልውጥ የወጣሁ ይመስላታል። እዚህ ግን ልናገረው፤ ከሚያፍሩብኝ ሰዎች አብዛኞቹ አልፈዋል።

እኔ መጻጉዕ በነበርሁበት ዘመን ፎገራ ላይ ሩዝ የሚባል ነገር አልነበረም። ዛሬ ከወረታ ብቅ ብሎ ወደ ጣና ለተመለከተ ሰው ምድሩ ሁሉ ሩዝ ነው። ያኔ ሜዳው የከብት ነበር። ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሲተኙበት ባሕር ይሆናል፤ መስከረም ጠብቶ ውኃው ሲሸሽ ሣሩ የበሬ ሆድ ይነካል። ላሞቻችን በወተታቸው አገር ያወቃቸው ነበሩ። ወረታ ራሷ ጣሊያን ባወጣው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ የተኮለኮሉ ጥቂት ቆርቆሮ ቤቶች ነበረች። ጎንደር የሚወጣው የጣሊያን ጭነት መኪና፣ ትሬንታ ኳትሮው፣ በሚቆምበት ማዕዘን አንድ የዐረብ ሱቅ ነበር፤ አቡጀዲ በክንድ፣ ስኳር በተጠቀለለ ወረቀት ይሸጣል። ከሱቁ አጠገብ ጠጅ ቤት፣ ከጠጅ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ደግሞ ራዲዮ። ራዲዮኗ ስትደክም ባለቤቷ ባትሪዎቹን አውጥታ ደጅ ፀሐይ ታሰጣቸዋለች፤ እኛ ደግሞ ዘፈኑ እስኪሞቅ ብርሌያችንን ይዘን እንጠብቃለን። ዶሮ በስሙኒ የሚገዛበት ዘመን ነው። እኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ካኪ ቁምጣ፣ ከመኪና ጎማ የተቆረጠ በረባሶ፣ ቅቤ የጠገበ ጎፈሬ ነበረኝ፤ ከዚህ በላይ ምን ያምራል? የዛሬ ጎረምሶች ሱሪያቸውን ቀደው ሲለብሱ አይቼ የማልቆጣው ያንን ቁምጣዬን እያሰብሁ ነው።

የወደቅሁትም በዚያው ቁምጣ ሰበብ ነው። ታኅሣሥ ላይ ጤፍ እንከምር ነበር፤ የሚስቴ ወንድም ከታች ያቀብላል፣ እኔ ከላይ ሆኜ አሰናዳለሁ። ክምሩ ከቤታችን ጉልላት ከፍ ብሎ ነበር። ወደ ይፋግ ገበያ የሚሄዱ ሴቶች በአጠገባችን ሲያልፉ ቀና ብዬ፣ ቁምጣዬን ሳብ አድርጌ፣ ሁለት ስንኝ ላወርድ አፌን ስከፍት እግሬ ከዳኝ። ሴቶቹ የሰሙት ዘፈን ሳይሆን ኡኡታ ነው። በጋቢ ተሸክመው ቤት አስገቡኝ። ወጌሻው መጣ፤ ዳሌዬን በቅቤ አሽቶ፣ እኔ እያበድሁ እሱ እያፏጨ፣ «አልተሰበረም፣ ወለም ብሎ ነው። በአርባ ቀኑ ይሄዳል» ብሎ ዋጋውን ተቀብሎ ሄደ።

አምላክ ምስክሬ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕመሜ እውነተኛ ነበር። ጉዱ የመጣው ሕመሙ እየቀነሰ፣ ደስታው እየጨመረ ሲሄድ ነው። አማቴ እትዬ ጦቢያ ልጇን ከሰጠችኝ ጀምሮ አንድም ቀን በበጎ ዓይን አይታኝ አታውቅም፤ ያን ሰሞን ግን ራስጌዬ ተቀምጣ «አይዞዎት፣ ልጄ፣ ይቺን ብቻ ይጉረሱ» እያለች ዶሮ በእጇ ታጎርሰኝ ጀመር። የሚስቴ ወንድም ጤፌን ወቃ። ጎረቤት በየተራ እየመጣ ይጠይቀኛል፤ ያልጠየቀኝ ሰው ይወቀሳል። ሰፊው የጠፍር አልጋችን ላይ ተዘርግቼ እንደ ሹም ከበር የሚገባውን አያለሁ። ሦስት ዓይነት ማቃሰት አወጣሁ፤ አንዱ ለጠያቂ፣ አንዱ ትራስ ለማስተካከል፣ ሦስተኛው ሚስቴ እንጉዳይ ስለ ሥራ ማውራት ስትጀምር ነው።

በጥምቀት ዕለት ሁሉም ታቦት ሊሸኝ ወጣ። ቤቱ ጭር አለ። ከሩቅ ዘፈኑና እልልታው ሲሰማኝ ሳላውቀው እግሬን ከአልጋው አወረድሁ። ቆምሁ። ተራመድሁ። ትንሽ ነጠቅ አደረገኝ እንጂ ሌላ ምንም የለም። በሩ ድረስ ሄጄ ወደ ውጭ ስመለከት ግን ሽምብራው ደርሷል፣ ጓያው ደርሷል፤ ሁሉም ጎንበስ ተብሎ የሚነቀል፣ ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው። ያን ጊዜ «ድኛለሁ!» ብዬ እየጮኽሁ ወደ ታቦቱ መሮጥ ነበረብኝ። ቀስ ብዬ ተመልሼ ተኛሁ። ለአንድ ሳምንት ብቻ ብዬ።

ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩም ዐቢይ ጾምን አስገባ። የነፍስ አባቴ የተኛሁበት መጥተው «በሽተኛ ነህና ወተት ይፈቀድልሃል» አሉኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ አላልሁም። እንጉዳይ ከንጋት ጀምራ ሽምብራ ስትነቅል ትውላለች፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምራቋን አትውጥም፤ በመሀል መጥታ ላሟን አልባ ወተቱን ታቀብለኛለች። ስታቀብለኝ ሽታው እንዳይፈትናት ፊቷን ወደ ጎን ታዞር ነበር። እጇ ከሽምብራው ቅጠል በሚወጣው ጨው ተሰነጣጥቋል። እኔ ያንን እጅ እያየሁ ወተቱን እጠጣለሁ። ዛሬ ሰው «ኃጢአት ምን ይመስላል?» ብሎ ቢጠይቀኝ ሌላ ምሳሌ ፍለጋ አልሄድም።

አሁን አያ ደምሌን ላስተዋውቃችሁ። አያ ደምሌ ከመንደራችን ዳር፣ ወንዙ አጠገብ የሚኖር ባለ እጅ ነበር፤ ማረሻችንን፣ ማጭዳችንን፣ መጥረቢያችንን የሚቀጠቅጥ። ሚስቱ ሸክላ ትሠራለች። እሱ ባልሳለው ማረሻ ያረሰ፣ እሷ ባልሠራችው ድስት የቀቀለ ሰው በዚያ ሜዳ ላይ አልነበረም። ቢሆንም ከቤታቸው ውኃ የሚጠጣ የለም። «ዓይኑ ይበላል» ይባላል፤ ባለ እጅ ነዋ! እኔም እንደ ሰዉ አምን ነበር። ማረሻዬን ስሰጠው መሬት ላይ አስቀምጥለታለሁ፤ ከእጅ ወደ እጅ አልሰጠውም።

በጾሙ አንድ ቀን፣ እንጉዳይ ማሳ ላይ፣ አማቴም ቤቷ በነበሩበት ሰዓት፣ እኔ ከአልጋዬ ተነሥቼ ከቤቱ መካከል ቆሜያለሁ። አንድ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ በሌላው የወተቱን ቅል አንስቼ ግጥም አድርጌ እየጠጣሁ፣ በመሀል ዘፈን እያንጎራጎርሁ ነበር። በሩ ጨለም አለ። ዞር ስል አያ ደምሌ የሳለልኝን ማረሻ ይዞ ደፍ ላይ ቆሟል። ተያየን። ወተቱ ከጺሜ ላይ ይንጠባጠባል። እሱ ማረሻውን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አኖረው፤ እኔ እንደለመድሁት ማለት ነው። ከዚያ «እግዜር ይማርህ» አለኝና ሄደ።

ሁለት ቀን ሙሉ በላብ ተጠምቄ ጠበቅሁ። አሁን ይናገራል፣ አሁን መንደሩ ይስቅብኛል እያልሁ። አልተናገረም። በሦስተኛው ቀን እትዬ ጦቢያ እየተንደረደረች ገባች፤ በእጇ አንድ ጭብጥ ጤና አዳም ይዛለች።

«አገኘነው!» አለች። «አርባ ቀኑ ካለፈ ይኸው ስንት ጊዜ፤ ለካስ ነገር አለው! ያ ባለ እጅ ከቤታችሁ ሲወጣ ታይቷል። በዓይኑ በልቶዎት ነው!»

ጤና አዳሙን አፍንጫዬ ውስጥ ጠቀጠቀችው። ያን ጊዜ አንድ ቃል ብተነፍስ ነገሩ ያበቃ ነበር። እኔ ግን አቃሰትሁ፤ ከሦስቱ የትኛውን እንደሆነ እኔም አላውቅ። እሷ ያንን እንደ ምስክርነት ይዛው ወጣች። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። እሑድ፣ በመጻጉዕ ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ ደምሌ በሕዝብ ፊት ይጠየቅ፤ መልስ ካጣ ዝናብ ሳይጥል ቤቱን ነቅሎ ከአገራችን ይውጣ አሉ። እኔም ከነአልጋዬ ተሸክመው ቤተ ክርስቲያን እንዲያደርሱኝ፣ ሰኞ ደግሞ ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ እንዲወስዱኝ ተቆረጠ።

እሑድ አራት ጎበዛዝት አልጋውን በአራት እግሩ ይዘው አነሡኝ። መንገዱ አቀበት አለበት፤ ላባቸው ደረቴ ላይ ይንጠባጠባል። ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ አስቀመጡኝ፤ እትዬ ጦቢያ በነጠላዋ ዝንብ ትከላከልልኛለች፣ እንጉዳይ እግርጌዬ ቆማለች። አያ ደምሌ ከሰዉ ራቅ ብሎ ከግቢው አጥር ሥር ተቀምጧል። መሪጌታችን መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። ቀጭን፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ምላሳቸው ግን እንደ አዲስ ምላጭ የሆነ ሰው ነበሩ።

«እስቲ አስተውሉ» አሉ። «ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛ ሰው ነው። ጌታ ‹መዳን ትወዳለህ?› አለው። ለዚህ መልሱ ስንት ቃል ነው? አንድ ቃል ነው። ‹አዎ!› ነው። እሱ ግን ምን አለ? ‹ሰው የለኝም› አለ። የተጠየቀው ስለ ራሱ፣ የመለሰው ስለ ጎረቤቱ! ሕመም ሲቆይ እንዲህ ነው፤ ቤት ይሠራል፣ ይለመዳል፣ ሰውዬው መታመሙን ትቶ ሰው መክሰስ ይጀምራል። ጌታ የጠየቀው ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። እግር ማዳን ለእሱ ቀላል ነው፤ ፈቃድን ግን ሳይጠይቅ አይነካም።»

በዚህ መሀል ከአጥሩ ሥር ድምፅ መጣ።

«መሪጌታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅ» አለ አያ ደምሌ። «የመጻጉዕ አልጋ የብረት ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። ማን ቀጠቀጠው?»

ሕዝቡ ሳቀ። መሪጌታ ግን አልሳቁም።

«ባለ እጅ ነዋ! ስሙ አልተጻፈም እንጂ ሠላሳ ስምንት ዓመት በሽተኛውን ተሸክሞ የኖረው የእሱ እጅ ሥራ ነው» አሉ። «ደግሞም ጌታ ‹አልጋህን ጥለህ ሂድ› አላለውም። ‹ተሸከመው› አለው። የተሸከመህን አንተ በተራህ ካልተሸከምኸው፣ ቆምህ እንጂ አልዳንህም ሲለው ነው።»

ከዚያ የሽማግሌዎቹ አለቃ ተነሥቶ ደምሌን ወደ መሀል ጠራው።

«ከአያሌው ቤት ገብተህ ነበር?»

«ደጃፉ ድረስ ሄጃለሁ። ማረሻውን ላደርስ።»

«አየኸው?»

«አየሁት።»

ሰዉ አጉረመረመ። እትዬ ጦቢያ «ይኸው! በገዛ አፉ!» ብላ ጮኸች።

«ምን ሲሆን አየኸው?» አለ ሽማግሌው።

አያ ደምሌ ወደ እኔ ዞረ። ያንን ሁሉ ሰው የሚያስፈራ ዓይን ያን ጊዜ ነው በደንብ ያየሁት፤ በእሳትና በጢስ የቀላ፣ የደከመው ሰው ዓይን ነው። «እሱን ይጠይቁት» አለ። «እኔ ብናገረው ስድብ ይሆንብኛል።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን እየጎተቱ ወደ አልጋዬ መጡና ጎንበስ አሉ። ገምተው ይሁን ወይም እንዲያው ከስብከቱ ቀጥለው፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

«አያሌው፣ መዳን ትወዳለህ?»

ታምኑኛላችሁ? አፌ ላይ የመጣው ቃል «ሰው የለኝም» ነበር! አራት ጎበዝ አቀበት ለአቀበት ተሸክሞኝ፣ አማት ዝንብ እያባረረችልኝ፣ ሚስት እግርጌዬ ቆማ፣ ሰው የለኝም ልል ነው። «መሪጌታ፣ ሰው...» ብዬ ጀመርሁና የእንጉዳይን እጅ አየሁ። አልጋውን ይዛለች፤ ጣቶቿ እንደተሰነጣጠቁ ናቸው።

«ድኛለሁ» አልሁ፣ ድምፄ እንደ ጫጩት ቀጥኖ። «ከጥምቀት ጀምሮ።» ተነሥቼም ቆምሁ።

የሰማኝ የለም። ያዩት መቆሜን ብቻ ነው። ሴቶቹ ጾም መሆኑን ረስተው እልልታውን አቀለጡት። እትዬ ጦቢያ እግሬ ላይ ተደፍታ ትስማለች። አንዱ «ተአምር ነው!» ይላል፣ ሌላው «ደምሌ ሲቀርብ ዓይኑ ለቀቀው!» ይላል። ለካስ በተአምርም ሰው ይወነጀላል! እኔ አንድ ጊዜ ዝም ብል ቅዱስ ሆኜ ወደ ቤቴ እገባለሁ፤ አያ ደምሌ ግን ቤቱን ይነቅላል። ይህ ሐሳብ አልጎበኘኝም ብል አሁንም እዋሻለሁ። ጎብኝቶኛል፤ ቁጭ ብሎም አውርቶኛል።

«ተአምር አይደለም!» ብዬ ጮኽሁ። «ውሸት ነው!» እልልታው ዋጠው። አልጋው ላይ ወጣሁ፤ ብሶ ጨመረ፤ ሽባው አልጋ ላይ ዘለለ ተባለ። በመጨረሻ መሪጌታ መቋሚያቸውን አንሥተው «ጸጥ በሉ! ሰውዬው ይናገር!» አሉ።

«ደምሌ ምንም አላደረገኝም» አልሁ። «ውሸታም ነኝ። ያየኝ ቆሜ፣ እየዘፈንሁ፣ ወተት ስጠጣ ነው።»

ዝንቧ እንኳን ያረፈች መሰለኝ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የእንጉዳይ ድምፅ ብቻ ተሰማ፤ አልጮኸችም።

«ወተቱንም?»

«ወተቱንም።»

ነጠላዋን አስተካከለች። ከንፈሯ በጾም ደርቆ ነበር። «እንግዲያው» አለች፣ «አልጋህን ተሸከምና ወደ ቤትህ ሂድ።»

አንዱ ሳቀ፣ ሌላው ተከተለ፣ ግቢው በሳቅ ተናጋ። እትዬ ጦቢያ ብቻ ከተደፋችበት ቀና ብላ፣ በሐፍረት ቀልታ፣ «ኧረ ዛሬ ሰንበት ነው! ሸክም አይቻልም!» አለች። መሪጌታም «መጻጉዕስ መቼ የተሸከመ መስሎሽ ነው?» አሏት።

የጠፍር አልጋ ተሸክማችሁ ታውቃላችሁ? አትሞክሩት። እግሮቹ ወደ ሰማይ፣ ጠፍሩ አናቴ ላይ፣ ለወራት የተኛ ጉልበቴ እየተብረከረከ ቁልቁል ወረድሁ። አሁን እውነተኛ ሕመም መጣ፤ የማቃስትለት ሰው ግን የለም። እንጉዳይ ሃያ እርምጃ ያህል ራቅ ብላ ከኋላዬ ትከተላለች። አውራ ጎዳናው ላይ ስደርስ አንድ ትሬንታ ኳትሮ ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ «ወንድሜ፣ አልጋውን ስንት ትለዋለህ?» አለኝ። እንጉዳይ ከኋላ «አይሸጥም! የእሱ ነው!» ብላ መለሰችለት። ከዚያች ቃል በኋላ ለብዙ ሳምንት አላናገረችኝም። ወጡን ታቀርባለች፣ ፊቷን ታዞራለች።

ከነፍስ አባቴ ንስሐ ልቀበል ስሄድ ስግደትና ጾም ይሰጡኛል ብዬ ነበር፤ እሱንም ሰጡኝ፤ ከዚያ ወደ መሪጌታ ላኩኝ። መሪጌታ ደግሞ «የመጻጉዕን መጨረሻ ታውቃለህ?» አሉኝ። «አበው እንደሚሉት፣ በጌታ ችሎት ቀን በዚያችው በዳነች እጁ ጌታን በጥፊ መታው። መዳንማ ይዳናል፤ የዳነውን አካል ለምን ታውለዋለህ ነው ጥያቄው። አንተም ሁለት የዳኑ እግሮችና ሁለት ያላመማቸው እጆች አሉህ። እስከ ፋሲካ ለደምሌ ወናፍ ንፋ።»

ወናፍ እሳቱን የሚያነድደው ጥንድ የቆዳ ከረጢት ነው፤ አንዱን ስትጫን ሌላውን ታነሣለህ፣ ማረፍ የለም። መጀመሪያ ሰሞን ገበሬው ማረሻ ሊያስል ሳይሆን እኔን ሊያይ ነበር የሚመጣው። ጢሱ ዓይኔን አቀላው። አንድ ቀን እትዬ ጦቢያ ይቅርታ ልትጠይቅ መጣች፤ እንደ ደንቡ ድንጋይ በአንገቷ ይዛ፣ ግን ድንጋዩ የእንቁላል ያህል ነው። አያ ደምሌ አገላብጦ አየውና «እትዬ፣ ይህ ሳይከብድዎት አልቀረም፤ ያውርዱት» አላት። እሷም ሳቀች። ሁሉም ሰው እንደ እሷ አልሆነም። «አያሌውን ያናዘዘውም የባለ እጁ ዓይን ነው» ሲሉ የኖሩ ነበሩ፤ ከእጁ ውኃ ሳይጠጡ በእሱ ማረሻ ሲያርሱ ያረጁም ነበሩ።

እኔ አንድ ቀን ወናፉን እየጫንሁ «ያን ጊዜ ለምን አልተናገርህም?» አልሁት።

ብረቱን ከእሳት አውጥቶ፣ ሁለቴ መትቶ፣ መልሶ ከተተው። «እኔ ብናገር ማን ያምነኛል?» አለ። «ባለ እጅ ሲከሰስ ገበሬውን ሰደበ ይባላል እንጂ።»

«እኔስ ባልናገር ኖሮ?»

«ቤቴን ነቅዬ ሐሙሲት እገባ ነበር። ብረት የትም ብረት ነው» አለ። «አንተ ግን ወዴት ትገባ ነበር?»

ወናፉን ተጫንሁ።

ፋሲካ ሲደርስ አያ ደምሌ እኔንና እንጉዳይን ቤቱ ጠራን። ገበሬ ባለ እጅ ቤት ምሳ ተጠርቶ ሄዶ አያውቅም። እኔ አልሄድም እንዳልል አፍራለሁ፣ እሄዳለሁ እንዳልል ሆዴ ይፈራል፤ አዎ፣ ያ ሁሉ ሆኖም እፈራ ነበር፤ የተወረሰ ፍርሃት በአንድ እሑድ አይለቅም። እንጉዳይ አላማከረችኝም። አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ቀድማኝ ወጣች። ተከተልኋት።

ሚስቱ በገዛ እጇ በሠራችው ድስት የበግ ወጥ ሠርታ ቀረበ። ሁላችንም ማዕዱን ከበን ተቀመጥን፤ ጸሎት ተደረገ። አያ ደምሌ አልጀመረም፣ ሚስቱም አልጀመረችም። እኛን እየጠበቁ ነው። እጄ ጉልበቴ ላይ ቀረ፤ ላንሣው እላለሁ፣ አይነሣም። በዚያ ጊዜ እንጉዳይ ቆረሰች፣ አጥቅሳ በላች። አኘከች፣ ዋጠች፣ «እጅሽ ይባረክ፣ ጣፍጦሻል» አለቻት። ቀጥላም ሌላ ቆረሰች፤ ጠቀለለች፤ ከአጥንቱ ላይ ሥጋ ጨመረች፤ ደጋግማ ሚጥሚጣ ነስንሳበት የቡጢ ያህል አደረገችው። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

«ክፈት» አለችኝ።

ከፈትሁ። አንገቴ ድረስ ሞላኝ፤ ጆሮዬ ጋለ፣ እንባዬ በሁለቱም ጉንጬ ወረደ። አያ ደምሌ ለሚስቱ «አለቀሰ» አላት በሹክሹክታ። እንጉዳይ «ሚጥሚጣው ነው» አለች። እኔ አፌ ስለሞላ መናገር አልቻልሁም፤ ብችልም የቱ እንደሆነ መለየት አልችልም ነበር።